ውሻዬን ለማሳከም አቅም አጣሁ፤ ግዴታዬ እስከ የት ነው?

የአቃቂው መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ውሻዬ መቻል ይባላል። ቀይ የሐበሻ ውሻ ነው፣ አራት ዓመቱ። እንደ ሰፈሩ ደንብ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። የቆርቆሮ አጥራችን በአንድ በኩል ተገንጥሏል። በዚያ ወጥቶ ሰፈሩን ሲዞር ያድርና ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። ከዚያው ይዞት የመጣ ነገር ነው መሰለኝ፣ ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ከብልቱ ደም ይንጠባጠባል። የሚተኛበት ማዳበሪያ ላይ ጠብታው አይጠፋም። ራሱን ሲልስ ይውላል። እናቴ የበሩን ደጃፍ በበረኪና ታጥባለች፣ እያጠበች ትራገማለች፣ ተራግማ ስትጨርስ የምሳ ትራፊውን ይዛለት ትሄዳለች።

ሐኪም ጋ ወሰድኩት። መውሰዱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የሚኒባስ ረዳት ገና ከሩቅ ሲያየን በሩን ዘጋ። የባጃጅ ሹፌር በኮንትራት፣ ያውም በእጥፍ፣ ማዳበሪያ አንጥፌ ተስማማ። ሐኪሙ ትሁት ልጅ ነው። በጥጥ ነካ አድርጎ መስታወት ላይ ቀባውና በማይክሮስኮፕ አየው። በግንኙነት ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ካንሰር ነው አለኝ። ካንሰር ደግሞ ይተላለፋል እንዴ ብለው፣ ይኼኛው ይተላለፋል አለ። መድኃኒቱ በሳምንት አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ዙር። አንዱ ዙር ከነካርዱና ከነምርመራው 2,200 ብር። ስድስቱ 13,200 ይመጣል። ባጃጁን አልጨመርኩም።

ደሞዜን አልጽፍም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ ካልኩ ይበቃል። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እናቴም አብራን ናት።

ምክር ግን በነጻ ነው። እናቴ «ወደ ቱሉ ዲምቱ ወስደህ ልቀቀው፣ ዕድል ካለው ይኖራል» አለች። ታሞ ደም እየጣለ የሚሄድ ውሻ ዕድሉ ጅብ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ በቅንነት ቀርቦ «ሥጋ አዘጋጅቼ እሰጥሃለሁ፣ ማታ ታበላዋለህ፣ ጠዋት ያልቅልሃል» አለኝ። ሥጋው ውስጥ ምን እንደሚገባ አልጠየቅኩትም። የፊዚክስ መምህሩ ጓደኛዬ «ማሳከም ካልቻልክ ውሻ የማሳደግ መብት የለህም» ብሎ ፈረደብኝ። እሱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፣ ሌባ በአጥር ዘሎ አያውቅበትም።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ግዴታው ምንድን ነው? ተበድሬ ላሳክም? ሁለት ዙር አስወግቼ የቀረውን ለእግዜር ልተው? ወይስ ሐኪሙን በመድኃኒት አሳርፍልኝ ልበለው? መሳደብ የሚፈልግ ይሳደብ። ግን ቁጥር ይጨምርበት።

ቁርጡን ነጋሪ፦

ወንድሜ፣ ስድብ አይደለም። ውሻ ማሳደግ ግድ አይደለም። ማሳከም የማይችል ባያሳድግ ይሻላል። አለቀ።

የአቃቂው መምህር፦

እሺ፣ ባላሳድግ ይሻል ነበር እንበል። ቡችላ ሆኖ በራችን ላይ ጥለውት የሄዱ ሰዎች ናቸው ያመጡልን፣ እኛ ገዝተን አይደለም። አሁን አራት ዓመቱ ነው፣ ደም እየፈሰሰው ነው። ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?

የሸገር ልጅ፦

ሰው በሚራብበት አገር 13 ሺህ ብር ለውሻ! ስንት ዩኒፎርም ይገዛ ነበር? ይቅርታ አድርግልኝ መምህር፣ ቅንጦት ነው።

ማዳም ቤት፦

ጋሼ መምህር፣ እኔ ዱባይ ነኝ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የማዳሜ ድመት ካስነጠሰች በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ናት። ይዣት የምሄደውም እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ደረሰኙን ሳየው ከወር ደሞዜ ይበልጣል። ያን ሰሞን እኔ ጥርሴን አሞኝ በፓናዶል ነበር የማድረው። ስለዚህ የሸገር ልጅ፣ «ሰው ይቅደም» የሚለውን ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ።

ግን ድመቷ ምን አጠፋች? እሷ ባትታከም ኖሮ ያ ገንዘብ ለእኔ ጥርስ አይመጣም ነበር። የመምህሩም ብር እንደዚያው ነው። ለውሻው ካልዋለ ለዘይትና ለቤት ወጪ ይውላል፣ ለተራበ ሰው አይደርስም። ዩኒፎርም የሚገዛ ሰው ውሻ ስላለው ሳይገዛ ሲቀር አላየሁም። አንተስ በዚህ ዓመት ለስንት ልጅ ገዛህ?

እመት ድመቴ (ቨርጂንያ)፦

አሜሪካ ሁሉ ነገር የተመቻቸ የሚመስላችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ወንድ ድመት አለኝ። አንድ ማታ የሚሸናበት አሸዋ ላይ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። እየተነሣ ደግሞ ይመለሳል። ወንድ ድመት ሽንቱ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል። ለሊት የሚሠራ የእንስሳት ድንገተኛ ክፍል ወሰድኩት። ገና ሳይነኩት አንድ ወረቀት አመጡልኝ። የወጪ ግምት ይሉታል። 3,400 ዶላር። ፈርሚ።

እኔ በፓርኪንግ ሥራ ላይ ነኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ያኔ አንድ ነገር ጠየቅኩ፦ «ይኼን መክፈል አልችልም፣ ከዚህ ያነሰ ምን ማድረግ ይቻላል?» ዶክተሯ አልተቆጣችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ተኝቶ የሚታከምበትን ትተን፣ አደንዝዘን ቱቦ አስገብተን መንገዱን እንክፈትለት፣ መድኃኒት ይዘሽው ወደ ቤት ሂጂ፣ ግን መልሶ ሊዘጋበት ይችላልና ቀን ከሌት ተከታተዪው አለችኝ። ዋጋው ወደ ሲሶው ወረደ። ይኼ ሁለተኛው መንገድ መጀመሪያ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ አልነበረም። ካልጠየቅሽ ውድ የሆነውን ነው የሚያቀርቡልሽ። ተንኮል አይመስለኝም፣ የተሻለው እሱ ስለሆነ ነው።

የእኛ ሰው ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ፊት «ብር የለኝም» ማለት እንደ ውርደት ነው። ለባብሰን እንሄዳለን፣ ዋጋውን ሰምተን «እሺ፣ እመለሳለሁ» እንላለን፣ እንጠፋለን። እንስሳው ቤት ተኝቶ ይበሰብሳል። መምህር፣ ለሐኪሙ ያለህን ብር በቁጥር ነግረኸዋል? ነው ወይስ «እመለሳለሁ» ብለህ ወጣህ?

ስለ ብድር ከተነሣ፣ እዚህ ለሕክምና የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ አለ። በተባለው ጊዜ ውስጥ ጨርሰሽ ካልከፈልሽ ወለዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስቡብሻል። ኢንሹራንስም አለ፣ ግን ከታመመ በኋላ ቢገባ ለዚያ በሽታ አይከፍልም። እዚህም ገንዘብ ስላጡ ብቻ ውሻና ድመታቸውን በመርፌ የሚያሳርፉ ሰዎች አሉ። እያለቀሱ።

የከብት ሐኪም፦

ወረዳ ውስጥ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ በሬ፣ ፍየልና አህያ ነው የማየው። ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ «ውሻም ታክማላችሁ?» ብሎ ነው የሚጀምረው።

መምህር፣ መጀመሪያ ደህናውን ዜና። ስሙ ካንሰር ስለሆነ አትደንግጥ። ከምናክማቸው ካንሰሮች ሁሉ ይኼኛው ገራም ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ ከጨረሰ አብዛኛው ውሻ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ሰው ላይ አይጋባም። ነገሩ ደግሞ ይገርማል። እጢው ከመቻል ሰውነት የበቀለ አይደለም። ከሺህ ዓመታት በፊት በኖረ አንድ ውሻ ላይ የተነሣ ሴል ነው። ያ ውሻ ሞቶ አፈር ሆኗል፣ ሴሉ ግን ከውሻ ወደ ውሻ እየተሻገረ እስከ አቃቂ ደርሷል።

አሁን ወደ ኪስህ። አንደኛ፣ ከብር ጋር የማይገናኝ ግዴታ አለብህ፣ እሱን ዛሬ ማታ ፈጽመው። አትፍታው። አጥሩን ዝጋ። መቻል በወጣ ቁጥር በሽታው አንዲት ሴት ውሻ ይይዛል፣ ሌላው ወንድ ከእሷ ይወስዳል። እርስ በርስ ሲሸታተቱና ሲላላሱ አፍንጫና አፍ ላይ የሚወጣም አለ። አንድ ሽቦና ሁለት ሚስማር የሚፈታው ነገር ነው። ይኼን ሳያደርጉ ስለ 13 ሺህ ብር መጨነቅ አይገባኝም።

የእብድ ውሻ ክትባቱስ? አልጻፍከውም። ካልተከተበ ከመርፌው ጋር አብረህ አስጨርስ፣ ዋጋው ከአንዱ ዙር ጋር አይወዳደርም። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ በውሻም ሆነ በሰው፣ መዳኛ የለውም። ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ ቢነከስ ፓስተር መመላለሱ የማን ዕዳ እንደሚሆን አስበው። ቱሉ ዲምቱ ወስዶ መልቀቅ ክፉ የሚሆነው ለዚህም ነው። ዕዳህን ለማያውቁህ ሰዎች በር ላይ አራግፈህ መመለስ ነው። የተመረዘውን ሥጋ በተመለከተ፣ የሚበላው መቻል ብቻ ለመሆኑ ጎረቤትህ ዋስ ይሆናል? አሟሟቱስ ምን እንደሚመስል አይቶ ያውቃል? እኔ አይቻለሁ። ማንም እንስሳ እንደዚያ አይሙት።

መርፌው ቪንክሪስቲን ይባላል፣ የሰው ካንሰር መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ወረቀት ከጻፈልህ አንዳንዴ ራስህ ከፋርማሲ ብትገዛው ይረክሳል፣ ካገኘኸው ነው ታዲያ፣ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። 20 ኪሎ ገደማ የሆነ ውሻ ግማሽ ሚሊግራም አካባቢ ነው የሚወስደው። ብልቃጡ አንድ ሚሊግራም ከሆነ ግማሹ ይተርፋል ማለት ነው። የከተማችን ውሾች በዚህ በሽታ የተሞሉ ናቸው፣ ሌላ ታማሚ አይጠፋም። በአንድ ቀን ሁለት ውሻ ከተቀጠረ ብልቃጡን ለሁለት ትካፈላላችሁ። ስለ ካርዱም ጠይቅ። በየሳምንቱ ለምን ይከፈላል? የማይክሮስኮፑም ምርመራ በየዙሩ አያስፈልግም። ቀንሰህ ቀንሰህ ያለህን ብር ለሐኪሙ በግልጽ ንገረው። እኛ ብር የሌለውን ሰው ለምደነዋል። የሚያናድደን ሁለት ዙር አስወግቶ ስልክ የማያነሣው ነው።

ሁለት ዙር አስወግቶ መተው ስላልከው፣ አይሆንም። እጢው ይሟሽሽና የዳነ ይመስላል። ከዚያ ይመለሳል፣ ሁለተኛ ጊዜ መድኃኒቱን እንቢ ሊል ይችላል። በሌላ በኩል ስድስት ዙር ብለህ ከወዲሁ አትደንግጥ። እጢው እስኪጠፋ ነው የሚወጋው፣ ገና ትንሽ ከሆነ በአራት ሊያልቅ ይችላል።

ራስህ ቤት ውስጥ ለመውጋት ግን እንዳታስብ። ከደም ሥር ውጭ አንድ ጠብታ ከፈሰሰ ሥጋውን ያቃጥለዋል፣ እግሩ ይቆስላል። ለሰው የተገዛ ማስታገሻም አትስጠው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ድመት ያላችሁም ስሙ፣ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው።

ከአቃቂ ከሆንክ ቢሾፍቱ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያ ነው ያለው፣ የማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። ደውለህ ዋጋና ቀን ጠይቅ። መቻል አህያ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ነገሩ ይቀል ነበር፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ለጋማ ከብት በነጻ የሚያክሙ በጎ አድራጊዎች ለዓመታት ሠርተዋል። ለውሻ ያን ያህል የሚያዝን አላገኘንም።

በመድኃኒት ማሳረፍ የጠየቅከው ላይ፦ ለሚድን በሽታ ወደዚያ መሮጥ ለእኔ ይከብደኛል። ግን ሁሉንም ሞክረህ ካልሆነ፣ እጢው እያደገ፣ እየቆሰለ፣ ዝንብ ሰፍሮበት ትል እስኪያፈራ ከምትጠብቅ ያ ይሻላል። ዋጋውም ከሕክምናው በጣም ያነሰ ነው። እሱን የመረጠ ሰው ውሻውን ከዳ አልልም።

የእድር ጸሐፊ፦

ሐኪሙ ሁሉንም ጨርሶታል፣ እኔ በሌላ በኩል ልምጣ። መቻል ማታ የሚጮኸው ለማን ነው? ለመምህሩ ብቻ? በእኛ ሰፈር ለዘበኛ በየወሩ እናዋጣለን፣ ዘበኛው ደግሞ ይተኛል። የማይተኛው የአንድ ደሃ ቤት ውሻ ነው። ለእሱ ማንም ምንም አይከፍልም። ሲታመም ግን «ያንተ ውሻ» ይሆናል።

ሰፈሩን ጠይቅ። ልመና አይደለም። ያ ሥጋ አዘጋጅልሃለሁ ያለህ ጎረቤት አለ አይደል? የሥጋውን ዋጋ በጥሬው አምጣ በለው።

ቁርጡን ነጋሪ፦

ሃሃ! ይኼ ጥሩ ነው። እኔም አንድ 300 ብር በቴሌብር እልካለሁ፣ ግን አቋሜ አልተቀየረም።

የአቃቂው መምህር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ብሩን ከማላውቀው ሰው አልቀበልም፣ ቁርጡን ነጋሪ፣ አንተ ሰፈር ላለ ውሻ አውለው።

እመት ድመቴ፣ አዎ፣ «እመለሳለሁ» ብዬ ነበር የወጣሁት። ተመለስኩ። ያለኝን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፣ በአፍ ማውራቱ ስለከበደኝ። ልጁ ወረቀቱን አይቶ ሳቀና «መምህር፣ ፈተና ነው የሰጡኝ» አለ። ካርዱን አንዴ ብቻ አደረገው። ምርመራውን ከመጨረሻው ዙር በኋላ አንድ ጊዜ እናየዋለን ተባባልን። ክትባቱም አብሮ ተደመረ። ሌላ ታማሚ ስለማግኘቱ ሳነሣለት ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣ አለች አለኝ። የማን ውሻ እንደሆነች ስጠይቅ ከእኛ በታች ያለው ወፍጮ ቤት ናት። መቻልን ሳስበው እርስ በርስ ሳይተዋወቁ አይቀሩም። ማን ለማን እንደሰጠ ግን አላጣራሁም። ለሁለት ተካፍለን አንዱ ዙር 1,250 ብር ሆነ። በአራት ከለቀቀው 5,000 ብር ነው፣ ስድስት ከሄደ 7,500። ይኼ በጀት ውስጥ ይገባል። ጠባብ ነው ግን ይገባል።

ጎረቤቴ ጋ ሄጄ የእድር ጸሐፊ እንዳለው አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣ። ማታ መጥቶ 500 ብር ሰጠኝና ሚስቱ እንዳትሰማ አለኝ። ሚስቱ በማግሥቱ መጥታ ሌላ 500 ሰጠችኝ፣ እሱ እንዳይሰማ። ከጀርባችን ያሉት ተከራዮች «ውሻው እኛንም ይነክሳል፣ ለምን እንከፍላለን» አሉ። እውነት አላቸው፣ አንዱን ነክሶታል። እናቴ ለውሻ ሳንቲም አላወጣም ብላ ምላ ተገዝታ፣ ባጃጁ ሲመጣ ከመቀነቷ ፈትታ ከፈለች። የፊዚክስ መምህሩ ምክር ስለሰጠ ከመዋጮው ነጻ አድርጌዋለሁ።

አጥሩ ተዘግቷል። ታስሮ ማደሩን አልወደደውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ያላዝናል፣ ሰፈሩም እንቅልፍ የለውም። አዋጡ ስላቸው የተጨቃጨቁኝ ሰዎች አሁን በገመዱ ተጨቃጨቁኝ።

ለሐኪሙ ሁለት ጥያቄ። ከመርፌው በፊት ይብላ ወይስ ባዶ ሆድ ይሂድ? ከተወጋ በኋላስ ልጆቹ ሊነኩት ይችላሉ? ትንሹ ልጄ አጠገቡ ካልተቀመጠ ምሳውን አይበላም።

የከብት ሐኪም፦

ትንሽ ነገር ይብላና ይሂድ። በማግሥቱ ምግብ እንቢ ሊል ወይም ሊያስመልሰው ይችላል። ውሃ ካልጠጣ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ካልበላ ደውል። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሉን ስለሚያወርደው በሚቀጥለው ሳምንት ትኩሳት ካለው መርፌው ይዘገያል፣ በዚያ አትከራከር።

ልጁ ይንካው። ግን ከመርፌው በኋላ ላሉት ጥቂት ቀናት ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን በጓንት አንሡ፣ ብዙ ውሃ ድፉበት፣ ልጁም እዚያ አካባቢ አይጫወት። መድኃኒቱ በዚያ ነው የሚወጣው። እናትህ የተኛበትን ስታጥብ ጓንት ታድርግ። ማዳበሪያውን ጣለው፣ ሌላ አንጥፍለት። ምሳውን በተመለከተ፣ ልጁ እጁን ታጥቦ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።